ካሜራው አዲስ፣ ሶፍትዌሩ አሮጌ፦ የሠርጉ ፎቶ ለምን አልከፍት አለ?

ጥር ሲገባ የቡራዩ የእሁድ መንገድ የሙሽራ ነው። ከአሸዋ ሜዳ ጀምሮ በአምቦ መንገድ ላይ አበባ የለበሱ መኪኖች በጥሩምባ ይከታተላሉ፤ ከፊት ባለው መኪና መስኮት ወገቡን አውጥቶ ወደ ኋላ የሚቀርጽ ካሜራማንም አይጠፋም። ሁዳዴ ሳይገባ ልዳር የሚለው ብዙ ስለሆነ ፎቶ የሚያነሱ ልጆች በዚህ ወር ፋታ የላቸውም። የራሱ ካሜራ ያልበቃው ወይም ገና ያልገዛው ደግሞ አዲስ አበባ ገብቶ ለአንድ ቀን ይከራያል። የሚከራየው ደግሞ አዲስ ሞዴል ነው። ለምን አይሆንም፣ ለደንበኛው የተሻለ ፎቶ ይሰጠዋል።

ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ሚሞሪው ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፣ ላይትሩም ይከፈታል፣ ፎቶዎቹ ይመረጣሉ፤ ፕሮግራሙ ግን "እነዚህን ፋይሎች አላውቃቸውም" የሚል መልእክት ያወጣል። አንድ ሺህ ምናምን ፎቶ፣ አንዱም አይከፈትም። ካሜራው ስክሪን ላይ ግን ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካሜራው ደግሞ የኪራይ ነው፣ ዛሬውኑ መመለስ አለበት።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው በድንጋጤ የሚበላሸው። አንዱ "ሚሞሪው ተበላሽቷል" ይለዋል፣ ሌላው "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርገው" ይለዋል፣ ሌላው የጠፋ ፋይል እመልሳለሁ ለሚል ሰው ገንዘብ ያስከፍለዋል። የሰው ሠርግ ነው የተያዘው፤ ሙሽሮቹን "ድገሙልኝ" አይባል ነገር።

አጭሩን መልስ እናስቀድም፦ ፋይሉ ደህና ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው ካሜራው ከመፈጠሩ በፊት ስለሆነ አያውቀውም፣ በቃ። መፍትሔውም አለ፣ ነፃ ነው፣ ክራክም አይፈልግም። ሚሞሪውን ብቻ እንዳትነኩት። ከዚህ በታች ለምን እንደዚህ እንደሚሆንና ምን ማድረግ እንደሚቻል በዝርዝር እናያለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮው ምንድነው?

ቃሉ ራሱ ጥሬ ማለት ነው። ጄፔግ ተሠርቶ የቀረበ ወጥ ነው፤ ጨው ከበዛበት በዛበት ነው። ሮው ግን ገና ምድጃ ላይ ያልወጣ ነው፤ ጨውንም በርበሬንም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

የካሜራ ሴንሰር ቀለም አያይም፣ የብርሃን መጠን ብቻ ነው የሚለካው። ቀለም የሚገኘው ከሴንሰሩ በላይ በተነጠፉ ጥቃቅን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማጣሪያዎች ነው። አብዛኞቹ ካሜራዎች ዛሬም የሚጠቀሙበትን አደራደር የፈለሰፈው ብራይስ ቤየር የሚባል የኮዳክ ሠራተኛ ነው፤ የፈጠራ መብቱም በ1976 ተሰጥቷል። በዚህ አሠራር እያንዳንዷ ነጥብ ከሦስቱ ቀለሞች አንዱን ብቻ ትይዛለች፤ ሁለቱን ፕሮግራሙ ከጎረቤቶቿ እያሰላ ይሞላላታል። ስለዚህ ሮው ፋይል ገና ፎቶ አይደለም፣ የቁጥር ክምር ነው። ፎቶ የሚሆነው ፕሮግራም ሲተረጉመው ነው።

ታዲያ ለምን በሮው ያነሳሉ? ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው። 14 ቢት ሮው ግን 16,384 ይይዛል። ልዩነቱ የሚታየው መቼ ነው? የጥር ፀሐይ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ሙሽራዋ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ሙሽራው ከጎኗ ጥቁር ሱፍ ለብሶ ሲቆም ነው። በጄፔግ ቀሚሱ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ጥልፉ ይጠፋል፤ ወይም ሱፉ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። በሮው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ማትረፍ ይቻላል። ሠርግ የሚሠሩ ልጆች ሮው የሚመርጡት ለጉራ አይደለም።

ለምን እያንዳንዱ ካሜራ ለብቻው?

ብዙ ሰው የሚለው ይህን ነው፦ "የድሮው ካኖንም ሲአር3 ነው፣ ይሄም ሲአር3 ነው፣ ያኛው ከተከፈተ ይሄ ለምን አይከፈትም?" ጥሩ ጥያቄ ነው። ኦሮምኛና እንግሊዝኛ ሁለቱም በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሰው ግን ኦሮምኛ ጽሑፍ ይገባዋል ማለት አይደለም። የፋይሉ ስም መጨረሻ ፊደሉን ነው የሚነግራችሁ፣ ቋንቋውን አይደለም።

ፕሮግራሙ አንድን ሮው ለመተርጎም ስለዚያ ሞዴል ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ቁጥሮቹ እንዴት እንደታመቁ፣ ለዚያ ሴንሰር ጥቁር የሚጀምረው ከየትኛው ቁጥር እንደሆነ፣ ከየትኛው ቁጥር በላይ ብርሃኑ እንደሚቃጠል፣ የዚያ ሴንሰር ቀይ ከእውነተኛው ቀይ በምን ያህል እንደሚለይ። ይህ ካልታወቀ ፋይሉ ቢከፈት እንኳ ፊት አረንጓዴ፣ ጥላ ሐምራዊ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚያደርገው ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የካሜራ ስም ማንበብ ነው። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አልከፍትም ይላል።

"ካሜራው ላይ ግን ይታያል" ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። ሮው ፋይል ውስጥ ካሜራው ራሱ የሠራት ጄፔግ ተደብቃ አለች። ስክሪኑ ላይ የምታዩት እሷን ነው። አንዳንድ ቀላል የፎቶ ማሳያ ፕሮግራሞችም እሷን ስለሚያሳዩ ነው "እዚህ ተከፈተ፣ ላይትሩም ግን እምቢ አለ" የሚባለው። ስክሪኑ ላይ ከታየላችሁ ግን አንድ ነገር አወቃችሁ ማለት ነው፦ ሚሞሪው አልሞተም።

የካሜራ አምራቾች ይህን መረጃ ለሁሉም ቢያትሙት ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። አያትሙም። እንዲያውም በ2005 ኒኮን በዲ2ኤክስ ካሜራው ፋይሎች ውስጥ የነጭ ሚዛኑን መረጃ በምስጢር ኮድ ቆልፎት ትልቅ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። ሰው በራሱ ካሜራ ያነሳው የራሱ ፎቶ ላይ ማለት ነው! ስለዚህ ሶፍትዌር ሠሪዎች ካሜራ በወጣ ቁጥር ናሙና ፎቶ እያነሱ፣ ቁጥሩን እየፈቱ፣ ቀለሙን እየለኩ ነው የሚጨምሩት። ዴቭ ኮፊን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ከ1997 ጀምሮ ዲሲሮው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጽፎ የብዙ መቶ ካሜራዎችን ፋይል ፈቷል። የእሱ የመጨረሻ ዕትም በ2018 ወጣ። በእሱ ሥራ ላይ የተገነባው ሊብሮው ደግሞ ዛሬ ብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ አለ፤ ዊንዶውስ ላይ ከማይክሮሶፍት ስቶር በነፃ የሚጫነው የሮው ማሳያ ተጨማሪም በእሱ ነው የሚሠራው።

የላይትሩም ጉዳይ

ወደ እኛ ሰፈር ችግር እንመለስ። ላይትሩምን አንዴ ገዝቶ የራስ ማድረግ የተቻለበት የመጨረሻው ዕትም በ2015 የወጣው ላይትሩም 6 ነው። አዶቢ ለእሱ አዲስ ካሜራ መጨመር ያቆመው በታኅሣሥ 2017 ነው። በጣም የተሸጠው ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ይፋ የሆነው በየካቲት 2018 ነው፤ ሁለት ወር ገደማ አመለጠው። ስለዚህ ላይትሩም 6 ያን ካሜራ በቀጥታ አይከፍትም፣ መቼም አይከፍትም። ላይትሩም ክላሲክ 7.3 ላይ ነው የገባው።

ካኖን አር6 ማርክ 2ን ደግሞ ውሰዱ። በኅዳር 2022 ነው የወጣው፤ ላይትሩም የተቀበለው በታኅሣሥ፣ በ12.1 ዕትሙ ነው። አንድ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው በ2020 የተጫነለት 9 ወይም 10 ዕትም ከሆነ ያ ካሜራ ለፕሮግራሙ ገና አልተወለደም። ሕጉ ይህን ያህል ቀላል ነው፦ ካሜራው የወጣበት ቀን ከፕሮግራማችሁ ዕትም በኋላ ከሆነ አይከፈትም። ሁለቱንም ስልካችሁ ላይ በሁለት ደቂቃ ማጣራት ትችላላችሁ።

"ታዲያ ማዘመን ነዋ!" ትሉ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አዶቢ አሁን የሚሸጠው በወር ኪራይ ነው። ለዓመታት ለፎቶግራፈር የታወቀው ጥቅል በወር 9.99 ዶላር ነበር፤ በጥር 2025 ግን ይህ ለአዲስ ደንበኛ ቀርቶ የ19.99 ዶላሩ ተተካ። በመሃል ደግሞ በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ያኔ ጥቅሉ በወር 570 ብር ገደማ ይመጣ ነበር። ዶላሩን በ130 ብር እንኳ ብናስበው አዲሱ ጥቅል 2,600 ብር ነው። ብር ቢገኝም ለአብዛኛው ወጣት በእጁ ያለው የባንክ ካርድ ውጭ አገር አይከፍልም። ስለዚህ "ዝም ብለህ ክፈል" የሚለው ምክር ለቡራዩ ልጅ ምክር አይደለም።

ስለዚህ ሁሉም ክራክ ይጭናል። ከጓደኛ በፍላሽ፣ ከቴሌግራም ቻናል፣ ወይም ኮምፒውተሩን ሲገዛ ሱቁ ጭኖለት። ስለ ሕጋዊነቱ ዛሬ አንከራከርም። ግን ከዚህ ችግር ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ፦ ክራክ የሆነ ፕሮግራም አይዘምንም። ካዘመናችሁት ክራኩ ይፈርሳል፣ ስለዚህ በተጫነበት ዓመት ላይ ቆሞ ይቀራል። ካሜራው ሲገሰግስ እሱ እዚያው ነው። አዲሱን ክራክ ፍለጋ የሚገባ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚታዘዘው "አንቲቫይረስህን አጥፋ" ነው። ብሮውዘር ላይ የተቀመጠ የይለፍ ቃልንና የቴሌግራም አካውንትን የሚሰርቁ ፕሮግራሞች በዚህ በር ነው የሚገቡት። የደንበኞቻችሁ ፎቶ ያለበት ኮምፒውተር መሆኑን እንዳትረሱ።

እሺ፣ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ሚሞሪውን ሙሉ በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ድገሙት። ፎርማት የሚባል ነገር ፎቶዎቹ በትክክል ተከፍተው እስክታዩ ድረስ አይታሰብም። ካሜራው ኪራይ ከሆነ መልሱት፤ ችግር የለውም፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ካሜራውን አይፈልግም። ከመመለሳችሁ በፊት ግን ከሆዱ ሥር የተጻፈውን ሲሪያል ቁጥር ፎቶ አንሱት፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እንነግራችኋለን።

ቀጥሎ ዲኤንጂ ኮንቨርተር የሚባለውን የአዶቢ ፕሮግራም ከራሱ ከአዶቢ ድረ ገጽ አውርዱ። ነፃ ነው፣ አካውንት ከፍቶ ወር በወር መክፈል የለም። ዲኤንጂ አዶቢ በ2004 ያወጣው፣ አሠራሩ ለሁሉም የተገለጸ የሮው ዓይነት ነው። ኮንቨርተሩ አዲሱን የካሜራ ፋይል ተቀብሎ ወደ ዲኤንጂ ይቀይረዋል፤ ለትርጉም የሚያስፈልገውን የቀለም መረጃም እዚያው ፋይሉ ውስጥ ይጽፍለታል። ከዚያ በኋላ ያረጀው ላይትሩም የካሜራውን ስም ማወቅ አያስፈልገውም፣ ይከፍታል።

ሰው ግራ የሚጋባባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ፎቶ ሳይሆን ፎልደር ነው የሚያስመርጠው፤ ስትገቡ ፎልደሩ ባዶ መስሎ ከታያችሁ አትደንግጡ፣ ፎልደሩን ራሱን ምረጡት። ሁለተኛ፣ ማስተካከያው ውስጥ "ከየትኛው የካሜራ ሮው ዕትም ጀምሮ ይከፈት" የሚል ምርጫ አለ። ላይትሩማችሁ የቆየ ከሆነ 7.1 የሚለውን ምረጡ፤ ላይትሩም 6ም ከዚያ በኋላ ያሉትም ይቀበሉታል። ይህን ሳይነኩ ቀይረው "ዲኤንጂውም አልከፍት አለ" የሚሉ አሉ።

ቦታም አስቡ። 1,500 ፎቶ እያንዳንዱ 25 ሜጋባይት ቢሆን 37 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ዲኤንጂው ሲጨመር ወደ 75 ይጠጋል። አዳዲሶቹ የኮንቨርተሩ ዕትሞች ደግሞ ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያለ ሰው ለዚህ ሥራ የጓደኛ ላፕቶፕ ይለምን፤ ቀይሮ በሃርድ ዲስክ ወደ ራሱ መመለስ ይችላል። ማውረጃውም ቀላል ስላልሆነ በሌሊት ጥቅል ቢሆን ይመረጣል።

አንድ የሚገርም ነገር እንበል። አዶቢ አዲሱን ካሜራ ለአሮጌው ላይትሩም አልጨምርም ይላል፤ ያው አዶቢ ደግሞ ፋይሉን ለአሮጌው ላይትሩም የሚተረጉም ፕሮግራም በነፃ ይሰጣል። በእኛ እይታ ይህ የሚያሳየው ነገር አለ፦ አሮጌው ፕሮግራም ያልቻለው ስላረጀ አይደለም፣ እንዲያድስ የሚገፋፋ የንግድ ውሳኔ ስለሆነ ነው።

የሞዴሉን ስም ፋይሉ ውስጥ ገብቶ በድሮ ካሜራ ስም የመቀየር ዘዴም አለ፤ ሰዎች ያደርጉታል፣ አንዳንዴም ይሠራል። ግን ፕሮግራሙ የሌላ ሴንሰር ቀለም ነው የሚጠቀመው፤ የሙሽራ ፊት ላይ ይህን መሞከር አንመክርም።

ላይትሩም የግድ ነው?

አይደለም። ካሜራውን የሠራው ድርጅት የራሱ ነፃ ፕሮግራም አለው። ካኖን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል፣ ኒኮን ኤንኤክስ ስቱዲዮ፣ ሶኒ ኢሜጂንግ ኤጅ ይባላሉ። የካኖኑን ለማውረድ የካሜራው ሲሪያል ቁጥር ይጠየቃል፤ ቅድም ፎቶ አንሱት ያልነው ለዚህ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የራሳቸውን ካሜራ ቀለም አሳምረው ያውቁታል። ዘገምተኛ ናቸው፤ በደከመ ላፕቶፕ ላይ አንድ ሺህ ፎቶ መሥራት ትዕግሥት ይፈትናል። ለአልበም የተመረጡ 60 ፎቶዎች ከሆኑ ግን ይበቃሉ።

ከዚያ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ አሉ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ኮዳቸው ክፍት ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፣ ስታዘምኗቸው የሚፈርስ ክራክ የለም። ከላይትሩም ለሚመጣ ሰው ዳርክቴብል መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል፣ አንዋሽም። የለመዳችሁት ፕሪሴትም አብሯችሁ አይመጣም። ደግሞም ነፃ ማለት ፈጣን ማለት አይደለም፦ ካኖን ሲአር3ን በ2018 ሲያመጣ ዳርክቴብል መክፈት የጀመረው በታኅሣሥ 2021፣ በ3.8 ዕትሙ ነው። ስለዚህ እዚህም ዝርዝሩን ሳያዩ ካሜራ መግዛት የለም። ልዩነቱ፣ የዘንድሮውን ዕትም ዘንድሮውኑ በነፃ ታገኙታላችሁ።

እነዚህ ፕሮግራሞች ናሙና የሚያገኙት ከእንደ እናንተ ዓይነት ሰው ነው። ሮው ዶት ፒክስልስ ዶት ዩኤስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው ከካሜራው አንድ ሮው ፋይል ይሰጣል፤ ገንቢዎቹ እሱን ይዘው ይሠራሉ። የእናንተ ሞዴል ከጎደለ ግድግዳ ወይም ዛፍ አንስታችሁ ላኩላቸው። የደንበኛ ፎቶ ግን በፍጹም፣ ምክንያቱም እዚያ የተሰጠ ፋይል ማንም እንደፈለገ የሚጠቀምበት ነው የሚሆነው።

ኮምፒውተር ለሌለው

በስልክ የምትሠሩ ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን። የስልክ ሮው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ ስልኮች ሮውን በዲኤንጂ እንዲያስቀምጡ በር ከፍቷል (ሁሉም ስልክ ባይፈቅድም)፤ የአይፎን 12 ፕሮ ፕሮሮውም ዲኤንጂ ነው። ስናፕሲድ ዲኤንጂን በነፃ ይከፍታል።

የካሜራ ሮው ግን በስልክ ያስቸግራል። ካኖን፣ ኒኮን ወይም ፉጂ ከያዛችሁ ካሜራው ሜኑ ውስጥ ሮውን ወደ ጄፔግ የሚቀይር ምርጫ በብዙ ሞዴሎች ላይ አለ። ብርሃኑንና ነጭ ሚዛኑን እዚያው አስተካክላችሁ፣ ጄፔጉን በዋይፋይ ወደ ስልክ መላክ ነው። ሙሽሮቹ "ለስቶሪ አንድ ሁለት ላክልን" ሲሉ በዚህ ይገላገላሉ።

የኪራይ ካሜራ ይዞ ሠርግ የሚገባ ሰው ደግሞ ከሮው ብቻ ይልቅ ሮውና ጄፔግ አንድ ላይ ላይ ያድርገው። ሁለት ሚሞሪ የሚወስድ ካሜራ ከሆነ ሮው በአንዱ፣ ጄፔግ በሌላው። ቦታ ይበላል፣ ግን ከሁሉ የከፋው ቢመጣ እንኳ በእጃችሁ የሚታይ ፎቶ አለ።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን ኪራዩን ከመክፈላችሁ በፊት ያለው ነው። ከሠርጉ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ወደ አከራዩ ሂዱና የራሳችሁን ሚሞሪ አስገብታችሁ በሮው ሁለት ፎቶ አንሱ፤ የሱቁን በር ቢሆን ይበቃል። ቤት ገብታችሁ ኤዲት በምታደርጉበት ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ከተከፈተ ቀብድ ክፈሉ። ካልተከፈተ ኮንቨርተሩን ለመጫን ሁለት ቀን አላችሁ፣ ወይም ፕሮግራማችሁ የሚያውቀውን የቆየ ካሜራ ትጠይቃላችሁ። የቆየው ኪራዩም ይረክሳል።